ለትንንሾቹ የሚሆን ክበብ፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የተጓዳኝ ትምህርት እንዴት ይደራጃል?

በግል ትምህርት ቤቶች የምዝገባ ወረቀት ላይ የክበባት ዝርዝር አይጠፋም፦ ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ዜጋ። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከሁለተኛ ደረጃ ነው። እዚያ ተማሪዎቹ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ይመርጣሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ ዓመታዊ ዕቅድ ያጸድቃሉ። ያንኑ አሠራር ለ7 ዓመት ልጅ ማምጣት የአባቱን ኮት እንደ ማልበስ ነው፤ እጅጌው ብቻውን ይውጠዋል። ልጁ የክበብ ስም ይሰጠዋል፣ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ እስከ ሰኔ የሚሠራው ነገር አይኖርም።

ስለዚህ ለትንንሾቹ ክበብ ስታቅዱ በያንዳንዱ ላይ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ይሁን፦ ልጁ በዚያ ሰዓት እጁ ላይ ምን ይይዛል? ጠጠር፣ ጭቃ፣ ገመድ፣ ዘር፣ መቀስ፣ የቼዝ ወታደር ከሆነ ክበቡ ይሠራል። መልሱ «ያዳምጣል» ወይም «ይወያያል» ከሆነ ያ ክበብ ሌላ ትምህርት ነው፤ ለ5ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ተዉት።

ቀኑን ቁጠሩ

ዕቅዱ የሚጀምረው ከቀን መቁጠሪያ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ከመስከረም እስከ ጥር ሲቆጠር 18 ሳምንት ገደማ ይመስላል። ልጆች የሚላመዱባቸውን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ የአጋማሽና የማጠቃለያ ፈተና ሳምንታትን ስትቀንሱ የሚቀረው 10 ወይም 11 የክበብ ቀን ነው። ለ16 ሳምንት ያቀደ መምህር በታኅሣሥ ላይ ሥራው ግማሽ ላይ ይቆምበታል፤ ልጆቹም ያልጨረሱትን ነገር ይዘው ወደ ፈተና ይገባሉ። 10 ቀን ያዙ፤ 11ኛው ከተገኘ የጨዋታ ቀን ይሁን።

ብዙ ትምህርት ቤት ክበብን ዓርብ ከሰዓት ያደርጋል። ለትንንሾቹ ይህ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። በጁምዓ ሶላት ምክንያት የምሳ ዕረፍቱ ይረዝማል፣ የቀረው ከሰዓት ያጥራል፣ መምህራን ስብሰባ ሲኖራቸው የሚነጠቀውም ያው ሰዓት ነው፣ ልጆቹም የሳምንቱን ድካም ይዘው ይመጣሉ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ይሻላል።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማድረግ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ ሰርቪስ 9፡30 ላይ ይነሣል። በሰርቪስ የሚመላለሰው ልጅ ሁሉ ከክበቡ ውጭ ይሆናል፣ ክበቡም ቤታቸው ቅርብ ለሆነና መኪና ላላቸው ብቻ ይቀራል። ክፍለ ጊዜው በሳምንቱ መርሐ ግብር ውስጥ ይግባ፤ መምህሩ ከሚያስተምራቸው ክፍለ ጊዜዎች ጋርም አብሮ ይቆጠርለት። በነጻ ትብብር የተጀመረ ክበብ ዕድሜው እስከ አጋማሽ ፈተና ነው።

ቦታና ሰው

አንድ ምሳሌ ወስደን እንቁጠር። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በየደረጃው ሁለት ምድብ፣ በየምድቡ 30 ልጅ ያለው ትምህርት ቤት 240 ልጆች አሉት። ሁሉንም በአንድ ሰዓት ማውጣት ግቢውን ገበያ ያደርገዋል። 1ኛና 2ኛ ክፍል ማክሰኞ፣ 3ኛና 4ኛ ክፍል ሐሙስ ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚወጣው 120 ልጅ ነው። በ15 ሲካፈል 8 ቡድን ይመጣል። ለነዚህ 8 ቦታና 8 ትልቅ ሰው ያስፈልጋል፦ የልጆቹ የራሳቸው 4 መማሪያ ክፍሎች፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የምሳ አዳራሹ፣ ግቢው፣ እንዲሁም ጥላ ያለው በረንዳ ወይም ሰፋ ያለ ኮሪደር። ሰዎቹ ደግሞ 4ቱ የክፍል ኃላፊ መምህራን፣ የስፖርት፣ የሥዕልና የእንግሊዝኛ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ። ረዳት መምህራንና ሞግዚቶች አንድ ቡድን ብቻቸውን አይያዙ፤ ግን ቢያንስ አንዷ ሽንት ቤት አካባቢ ትቁም። በዚያ ሰዓት ልጆች ከለመዱት ክፍል ውጭ ስለሚሆኑ የሚጠፉት፣ የሚወድቁትና የሚጣሉት መንገድ ላይ ነው።

15 ልጅ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። መርፌ፣ ቢላ ወይም መቀስ ያለበት ሥራ ከሆነ ከ10 አትለፉ። የቼዝና የገበጣ ቡድን ሁልጊዜ ቁጥሩ ሙሉ ይሁን፤ 15 ከሆነ አንዱ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ቁጭ ብሎ የሚያይ የ7 ዓመት ልጅ ደግሞ ብዙ አያይም፣ ይረብሻል። 14 ወይም 16 አድርጉት።

እያንዳንዱ ቡድን በካርቶን የተለጠፈ የስም ዝርዝር ይኑረው። መምህሩ ልጆቹን ከክፍላቸው በር ላይ ቆጥሮ ይረከባል፣ ቆጥሮ ይመልሳል። ልጆቹ ራሳቸው እንዲሄዱ መልቀቅ አምስት ደቂቃ የሚያተርፍ ይመስላል፤ በተግባር አሥር ደቂቃ ይበላል።

ማን የት ይግባ?

1ኛና 2ኛ ክፍል አይምረጡ። ምርጫቸው የጓደኛ ምርጫ ነው፤ ሁሉም አንድ ቦታ ይከማቻሉ። እነሱን በዙር አዟዙሯቸው፦ አንድ ቡድን በአንድ ሥራ ላይ 5 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። በመንፈቁ ሁለት፣ በዓመቱ አራት ሥራ ይነካል። ከ5 ቀን ባነሰ መዟዟር ደግሞ ልጁ እጁ ሲለምድ ያስነሣዋል።

3ኛና 4ኛ ክፍል ይምረጡ፤ ግን ምርጫው ቤት ሄዶ አይሞላ። ወረቀቱ ቤት ከሄደ ወላጅ ይሞላዋል፣ ወላጅ ደግሞ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይጽፋል። (ቲቶሪያልን ክበብ ብሎ መሸጥ የተለመደ ነውር ነው። ተጨማሪ ሒሳብ ማስተማር መጥፎ አይደለም፤ ስሙ ግን ክበብ አይደለም።) ልጁ ክፍል ውስጥ ሦስት ምርጫ በቅደም ተከተል ይጻፍ። ኳስ ሁሌም ትርፍ ሰው ያገኛል፤ ለ16 ቦታ 40 ልጅ ሊመጣ ይችላል። ዕጣው ልጆቹ ፊት ይውጣ። ዕጣ ያልደረሳቸው ስማቸው ይመዝገብና በሁለተኛው መንፈቅ ያለ ዕጣ ቅድሚያ ያግኙ፤ ይህንንም በዕለቱ ጮክ ብላችሁ ንገሯቸው። «ቀድሞ የመጣ ይገባል» የሚለው አሠራር ግን ሁሌ ያንኑ ፈጣን ልጅ ያስገባል።

የ40 ደቂቃው አከፋፈል

5 ደቂቃ መግባትና መቀመጥ፣ 5 ደቂቃ ማሳየት፣ 20 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ማጽዳት፣ 5 ደቂቃ የሠሩትን ማየትና መመለስ። ሰዓቱን የሚያበላሸው ሁለተኛው ክፍል ነው። መምህሩ 15 ደቂቃ ያስረዳል፤ ለሥራው 10 ደቂቃ ይቀራል፤ ልጆቹ ሳይጨርሱ ደወል ይደወላል። ዕቃ ማደልም ያው ነው፤ አስቀድሞ በየጠረጴዛው ካልተቀመጠ ሰዓቱ በ«ቲቸር፣ እኔ አልደረሰኝም» ያልቃል። ለያንዳንዱ ቡድን አንድ የፕላስቲክ ሣጥን ይዘጋጅ፤ ክዳኑ ላይ ውስጥ ያለው ዕቃና ቁጥሩ ይጻፍ። ማጽዳቱን ለጽዳት ሠራተኛ አትተዉ፤ ጠጠሩን ቆጥሮ መመለስ የሥራው አካል ነው።

ገበጣና ቅልልቦሽ

ወጪው ዝቅተኛ፣ ውጤቱ ከፍተኛ የሆነው ይህ ነው። የእንጨት ገበጣ መግዛት አያስፈልግም። የ30 እንቁላል መያዣ ካርቶን 5 በ6 ጉድጓድ አለው፤ ሁለት ሁለት ረድፍ አድርጋችሁ ስትቆርጡት 12 ጉድጓድ ያላቸው ሁለት ገበጣዎች ይወጣሉ፤ የምትተርፈው ነጠላ ረድፍ ተቆራርጣ የምርኮ ማስቀመጫ ትሆናለች። እንቁላል ያልፈሰሰበት ንጹሕ ካርቶን ምረጡ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት። ለ16 ልጅ 8 ገበጣ፣ ማለትም 4 ካርቶን ይበቃል። በየገበጣው 48 ጠጠር ወይም የባቄላ ፍሬ በትንሽ ከረጢት ይታሰር፤ ከመጠባበቂያ ጋር 400 ያህል አዘጋጁ። ለመዋዕለ ሕፃናት ግን ባቄላ አትስጡ፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል።

የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ አንዱ ልጅ ከአያቱ፣ ሌላው ከጎረቤት የተማረውን ይዞ ይመጣል፤ ጠብ የሚነሣውም ከዚያ ነው። ለክበቡ አንድ ሕግ ምረጡና በትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ለጀማሪ የሚበቃው ይህ ነው፦ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ ካሉት 6 ጉድጓዶች አንዱን ሙሉ ያነሣል፤ ወደ ቀኝ እየሄደ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይዘራል፤ የራሱ ረድፍ ሲያልቅ ወደ ተጋጣሚው ይዞራል። የመጨረሻዋ ጠጠር በራሱ ረድፍ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ካረፈች ትይዩ ያለውን የተጋጣሚውን ጠጠር ይማርካል። አንዱ ረድፍ ባዶ ሲሆን ጨዋታው ያልቃል፤ ብዙ የማረከ ያሸንፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ሙሉ ጉድጓድ ላይ ካረፈ አንሥቶ ይቀጥላል» የሚለውን ጨምሩ። ከመጀመሪያው ቀን ካስገባችሁት አንዱ ልጅ ሦስት ደቂቃ ይዘራል፣ ሌላው ይሰለቻል።

የተለመደው ስሕተት ጠጠሩን ያነሣበትን ጉድጓድ እንደ አንድ መቁጠር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «ከጎረቤት ጀምር» በሏቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሳይዘሩ የት እንደሚያርፍ በዓይን ቆጥረው የሚነግሩ ልጆች ታገኛላችሁ። ደመርና መቀነስ የሚከብዳቸው ልጆች እዚህ ሲፈጥኑ ማየት ብርቅ አይደለም።

ቅልልቦሽ ለ1ኛ ክፍል እጅ ተስማሚ ነው። አምስት ጠጠር፤ መጠናቸው ከሽንብራ የሚበልጥ፣ ክብ ያልሆነ፣ የሚንከባለል ከሆነ ጨዋታው ሩጫ ስለሚሆን። አንዷን ወደ ላይ ወርውሮ ከመሬት አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱንም ማፈስ። ለጀማሪ ጠጠሯ መሬት አንዴ ነጥራ እንድትያዝ ካስፈለገ ትንሽ የጎማ ኳስ በጠጠሯ ምትክ ተጠቀሙ። ወንዶቹ መጀመሪያ «የሴት ጨዋታ ነው» ይላሉ፤ ሁለቴ ከተሸነፉ በኋላ አይሉም።

የአንድ ወረቀት መጽሐፍ

የሥነ ጽሑፍ ክበብ ለትንንሾቹ ግጥም ማጥናት አይደለም፤ መጽሐፍ መሥራት ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ኤ4 ወረቀት፣ አንድ እርሳስና የጋራ መቀስ ይበቃል።

ወረቀቱን በቁመቱ እጠፉት፤ ረጅምና ቀጭን ይሆናል፤ መልሳችሁ ዘርጉት። አሁን አጭሩን ጠርዝ ከአጭሩ ጠርዝ አገጣጥማችሁ በመካከል እጠፉ። አንድ ጊዜ እንደገና በዚያው አቅጣጫ እጠፉና ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ፍቱ። ወረቀቱ አሁን ለሁለት የታጠፈ ነው፤ ስምንት ሳጥን የሚሆኑ መስመሮችም አሉበት። ከታጠፈው ጎን ጀምራችሁ በመካከለኛው መስመር ላይ እስከሚቀጥለው መስቀለኛ ድረስ ቁረጡ፤ ከዚያ አትለፉ። ዘርጉት፤ መሃል ላይ ስንጥቅ ይኖራል። እንደገና በቁመቱ አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፎች ወደ መሃል ስትገፏቸው ስንጥቁ ይከፈታል፤ ገጾቹን አንዱን በአንዱ ላይ ስታሳርፏቸው ሽፋኑን ጨምሮ ስምንት ገጽ ያለው መጽሐፍ ይወጣል።

የሚበላሸው መቁረጡ ላይ ነው። ልጁ ከታጠፈው ጎን ፈንታ ከተከፈተው ጎን ከቆረጠ ሁለቱ ዳርቻዎች ተሰንጥቀው መሃሉ ይቀራል፤ ወረቀቱ መጽሐፍ አይሆንም። ስለዚህ ከመቁረጣቸው በፊት ሁሉም የታጠፈውን ጎን በእርሳስ ነጥብ ያድርጉበት፤ መምህሩ ዞሮ አይቶ «ቁረጥ» ይበል። ጽሑፉ ደግሞ ከታጠፈ በኋላ ይጻፍ። ተዘርግቶ ሳለ ከተጻፈ ግማሹ ገጽ ተገልብጦ ይገኛል።

ይዘቱ እንቆቅልሽ ቢሆን ጥሩ ነው፦ በአንዱ ገጽ ጥያቄው፣ ሲገለጥ መልሱ በሥዕል። ሦስት እንቆቅልሽ ስድስት ገጽ ይሞላል፤ ሁለቱ ሽፋን ናቸው። ልጆቹ ከሳምንት በፊት ከቤት አንድ አንድ እንቆቅልሽ እንዲያመጡ ንገሯቸው። ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ሲባል የትኛውን አገር እንደሚሰጥ ማሰቡ ራሱ ትምህርት ነው፤ ጎንደርን ሰጥቶ ሐረርን ሲቀበል ካርታ ላይ አሳዩት። ውጪ አገር ያሉ የአማርኛ ቅዳሜ ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ሥራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ 33ቱን ፊደላት ከነዘራቸው (231) በካርቶን ቆርጦ ቃል መሥራትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። 231ዱን በአንድ ቀን አታውጡ፤ በአንድ ቀን አምስት ፊደል ከነዘሩ፣ 35 ካርድ፣ ይበቃል።

ጭቃ

ጭቃ ልጆች የሚወዱት፣ አስተዳደር የሚፈራው ሥራ ነው። ፍርሃቱ ግማሹ ትክክል ነው፤ ጭቃ የነካ እጅ በቧንቧ ማጠቢያ ላይ ከታጠበ ቱቦው ይደፈናል። ሁለት ሳፋ ውኃ አዘጋጁ፤ አንደኛው ለመጀመሪያ እጥበት፣ ሁለተኛው ለማለቅለቂያ። ጭቃው ሲያድር ይዘቅጣል፤ ላዩን ውኃ አፍስሱ፣ ዝቃጩን ወደ ባልዲው መልሱ።

በአዲስ አበባ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ለዚህ አይሆንም። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸመቀቃል፤ የተሠራው ሁሉ ይሰነጠቃል። ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን አፈር ከነሱ መግዛት ይሻላል። አፈሩን ለመፈተን በእርሳስ ውፍረት አድቦልቡላችሁ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት፤ ካልተሰነጠቀ ጥሩ ነው። የሚሰነጠቅ ከሆነ ወይ ውኃ አንሶታል ወይ አሸዋ በዝቶበታል። ለአንድ ልጅ የብርቱካን ያህል ጭቃ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ወፍራም ነገር ይሠራል።

ውፍረቱ ከጣት አይብለጥ። ወፍራም ሥራ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ በዚያም ይሰነጠቃል። የጀበና እጀታ፣ የበሬ ቀንድ፣ የዶሮ ራስ ሲጣበቅ ሁለቱም ፊቶች በእንጨት ጫፍ ይቧጠጡ፣ በቀጭን ጭቃ ይለቅለቁ፣ ከዚያ ይጫኑ። ዝም ብሎ የተለጠፈ እጀታ በማግስቱ ይወድቃል፤ ልጁም ያለቅሳል። ሥራው ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ጥላ ውስጥ በጋዜጣ ላይ አንድ ሳምንት ይቆይ። ያልተተኮሰ ስለሆነ ውኃ እንደማይያዝበት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ቤት ወስደው ቡና ያፈሉበታል።

ጓሮ በጀሪካን

ብዙ የግል ትምህርት ቤት ያለው በኪራይ ግቢ ውስጥ ነው፤ መሬቱ ሲሚንቶ ነው። 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በጎኑ አስተኝታችሁ የላዩን ፊት በመስኮት መልክ ቁረጡ፤ ከሥሩ በጋለ ምስማር 6 ቀዳዳ ይበሳ። ይህን መምህሩ ያድርግ፤ የተቆረጠው ጠርዝም በፕላስተር ይሸፈን። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ከአፉ ሁለት ጣት እስኪጎድል ሙሉ። አንድ ጀሪካን ለሦስት ልጅ።

የመጀመሪያው ዘር ፌጦ ይሁን። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበቅላል፤ በሁለትና ሦስት ሳምንት ይቀነጠሳል። ልጅ ካሮት ዘርቶ ሦስት ወር መጠበቅ አይችልም፤ በሁለተኛው ሳምንት ቆፍሮ ያያል። ፌጦው እንዳለቀ በጥቅምት መጀመሪያ ቆስጣ ወይም ሰላጣ አስከትሉ፦ ቆስጣ በአንድ ጀሪካን ሁለት እግር፣ ሰላጣ ሦስት። ቆስጣው በታኅሣሥ አካባቢ ለቅጠል ይደርሳል፤ ከዳር ከዳር ቅጠሉን እየወሰዱ መሃሉን ከተዉት ደጋግሞ ይሰጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ጀሪካኖቹን የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር አድርጓቸው።

ጓሮን የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ፍቅር ነው። ሦስቱም ልጆች በየዕረፍቱ ያጠጣሉ፤ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫ ሲያዩ ይጨምራሉ። የውኃ ተረኛ አንድ ልጅ ብቻ ይሁን። ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይክተት፤ እርጥበት ከተሰማው አያጠጣ። ማጠጫው ክዳኑ የተበሳሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ክሽክሽ (ቅጠል ላይ የሚሰፍር ጥቃቅን ተባይ) ከወረደበት ቅጠሉን በሳሙና ውኃ አጥቦ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው፤ መድኃኒት ልጆች ባሉበት አይረጭም። የገናና የመንፈቅ ዕረፍት ሳይደርስ ከጥበቃው ወይም ከአትክልተኛው ጋር ተነጋገሩ፤ በደረቁ ወራት ሁለት ሳምንት ያለ ውኃ የቆየ ጀሪካን አይተርፍም።

ኳስ፣ ገመድ፣ ቼዝ

ለ7 ዓመት ልጅ ቁጥር 3 ኳስ፣ ከ8 ዓመት በላይ ላለው ቁጥር 4። ትልቁን ቁጥር 5 መስጠት እግር ያማል፣ ልጁም በአውራ ጣቱ መምታት ይለምዳል። 16ቱን ልጆች በአራት ቡድን ክፈሉ፤ ሁለቱ ይጫወቱ፣ ሁለቱ ገመድ ይዝለሉ፤ በየ5 ደቂቃው ይለዋወጡ። አራት ለአራት ሲሆን እያንዳንዱ ልጅ ኳስ ይነካል፤ ስምንት ለስምንት ሲሆን ሦስት ልጅ ይጫወታል፣ የቀረው ይሮጣል። በረኛ አታድርጉ፤ ጎሉን አጥብቡት።

የነጠላ ገመድ ልክ፦ ልጁ መሃሉን ረግጦ ሲቆም ሁለቱ ጫፎች ብብቱ ድረስ ይድረሱ። ለጋራ ዝላይ ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ የትንሽ ጣት ውፍረት። ሲባጎ ቀላል ስለሆነ አይሽከረከርም፤ ቃጫ እጅ ይልጣል። ሱዚ ለመዝለል 4 ሜትር ላስቲክ ጫፍና ጫፉን ማሰር ይበቃል፤ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ወደ ጉልበት ይወጣል፤ አንገት ድረስ ማውጣት ይከልከል።

ቼዝ ላይ የምንለው አጭር ነው። በመጀመሪያው ቀን ስድስቱንም ዓይነት ጠጠር አታስተምሩ። ወታደሮችን ብቻ ደርድሩ፤ ቀድሞ ዳር ያደረሰ ያሸንፋል። በሁለተኛው ሳምንት ንጉሥን፣ በሦስተኛው ግንብን፣ እያላችሁ ጨምሩ። ፈረስን መጨረሻ።

ሚኒ ሚዲያና አድራሻ

ለ3ኛና 4ኛ ክፍል ሚኒ ሚዲያ በጠዋት ሰልፍ 3 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሦስት ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ከ40 ቃል ያልበለጠ ጽሑፍ። ጽሑፉ ልጁ ራሱ ካየው ነገር ይነሣ፦ የጠፋ የምሳ ዕቃ፣ የበቀለ ፌጦ፣ የትናንቱ ጨዋታ። መምህር የጻፈለትን የሚያነብ ልጅ አፉ ይከፈታል እንጂ አይናገርም። ማይኩ ከአፍ አንድ ጭብጥ ይራቅ። የሚጮኸው ማይኩ ከስፒከሩ ፊት ሲቆም ነው፤ ልጁን ከስፒከሩ ኋላ አቁሙት።

የቀይ መስቀል ክበብ ለዚህ ዕድሜ ፋሻ ማሰር አይደለም። እጅ መታጠብ፣ ለትልቅ ሰው መጥራት፣ ደውሎ መናገር ነው። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ፣ በአዲስ አበባ 939 እሳትና ድንገተኛ አደጋ። ልምምዱ በካርቶን ስልክ ይሁን፤ በእውነተኛ ስልክ የተለማመደ ልጅ ማታ ቤቱ ይደውላል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብዳቸው «የት ነህ?» ለሚለው መመለስ ነው። «ሰሚት» ወይም «አያት» ብሎ የሰፈር ስም ብቻ መጥራት አይበቃም። ሰፈሩን፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክና የቤት ቁጥሩን፣ ካልሆነ አጠገቡ ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትልቅ ሱቅ፣ የአንድ ወላጁን ሙሉ ስምና ስልክ። ይህን ሁለት ሳምንት ደጋግሙት፤ ወረቀት ላይ የጻፉት ግን ቤታቸው ይግባ እንጂ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ።

የውጭ አሠልጣኝና ጉብኝት

ለቴኳንዶ፣ ለዋና፣ ለሙዚቃ ከውጭ ሰው ሲመጣ መታወቂያውና የሥልጠና ማስረጃው በፋይል ይቀመጥ፣ ከልጆቹ ጋር ሁልጊዜ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ይኑር፣ በሩ ክፍት ይሁን። ክፍያው ከወላጅ በቀጥታ ወደ አሠልጣኙ ከሄደ ትምህርት ቤቱ መቆጣጠር አይችልም፤ ያልከፈለው ልጅም በመስኮት ያያል።

ጉብኝት በመንፈቅ አንድ ይበቃል፤ ለ8 ልጅ አንድ ትልቅ ሰው። ብሔራዊ ሙዚየም ስትወስዷቸው ሁሉንም ፎቅ አታስዟሯቸው። ድንቅነሽን አይተው፣ ከሌላው አንድ ዕቃ መርጠው ይሳሉ፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ለ8 ዓመት ልጅ ቁጥር ብቻ ነው፣ የሳለው ዕቃ ግን ይቀርለታል። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከሆነ ጠዋት ይሻላል፤ ካፖርትና ውኃ ይያዙ። ምሳ ዕቃ ስታስይዙ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም ምግብ የሚያመጣው ብዙ መሆኑን አስቡ፤ ከትምህርት ቤት የሚሰጥ መክሰስ ሁሉም የሚበላው፣ ሙዝ ወይም ቆሎ ይሁን።

የወላጆች ቀን

ክበብን የሚበላው ይህ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ሁሉም ቡድን ይቆምና ጭፈራ ይለማመዳል፤ ልብስ ይከራያል፣ ወላጅ ይከፍላል፣ በስፒከር ዘፈን ላይ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ 20 ልጅ መድረክ ላይ፣ 220 ልጅ ፀሐይ ላይ። ዳይሬክተሩ መድረኩን አልተውም ካለ ከ30 ደቂቃ አታሳልፉት፣ ልምምዱም ከክበብ ሰዓት አይወሰድ።

የቀረውን ጊዜ ለጠረጴዛ ስጡት። በግቢው ዙሪያ በየክበቡ አንድ ጠረጴዛ፤ በየጠረጴዛው አራት ልጆች፣ በየ15 ደቂቃው የሚቀያየሩ። ወላጅ ይመጣል፣ ልጁ ገበጣ ይጋብዘዋል፣ ሕጉን ያስረዳዋል፣ ብዙ ጊዜም ያሸንፈዋል። የጭቃው ጠረጴዛ ላይ የተሰነጠቁትንም አስቀምጡ፤ ልጁ ለምን እንደተሰነጠቀ ይናገር። ለጠረጴዛዎቹ ቀድማችሁ ጥላ ያዙ፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ከሰዓት ስለሚመጣ ዝግጅቱን ከ3፡00 እስከ 5፡30 ጨርሱ። ከዚያ ጠጠሩን ቆጥራችሁ፣ የጎደለውን በሣጥኑ ክዳን ላይ ጽፋችሁ፣ የተረፈውን ዘር በወረቀት ከረጢት እርጥበት የማይደርስበት ቦታ አኑሩ።